ጀሪካንህን ለምን እንደፈለጥኩት

ባምላኩ፣ ግቢ ሳትገባ እዚሁ በር ላይ ቆመህ አንብብ።

ከመንገድ ዳር የገዛኸው ቤንዚን ላምባ ተቀላቅሎበታል። ኦክቴኑ፣ ጭመቃን የመቋቋም አቅሙ፣ ስለወረደ ሞተሩ ሲጨምቀው ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል።
አንተ ደግሞ «ዳገት ይጎትትልናል» ብለህ ታይሚንጉን፣ እሳት የሚጫርበትን ሰዓት፣ አስቀድመኸዋል።

ፒስተኑ ገና ሽቅብ ሲወጣ እሳቱ አናቱን ሲለው ሲለው፣ ከፍኖተ ሰላም ስንመለስ ዳገቱ ላይ ተሰበረ።
መኪናችን ወደ ኋላ ተንሸራታ ገደል አፋፍ ላይ ቆመች።

እናቴ ከኋላ ነበሩ። ክንዳቸው ተሰብሯል።

ቤንዚኑ የተረፈበትን ጀሪካን ግቢ ውስጥ በምሳር ፈለጥኩት። አንተን ባገኝህ ኖሮ አንተን ነበር።

ግቢው ገና በቤንዚን እንደራሰ ነው። ሲጋራህን እዚሁ አጥፋ።

እኔስ ዝም ብዬ ልሄድ ነበር።
«ጻፍለት» ያሉኝ እናቴ ናቸው።

ወንዳወቅ