በጠባቂው እጅ የቀረው ኢቃማ

ደማም፣ አል ፈይሰሊያ። ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.። ዕድሜዬ ዛሬ ሰባ አራት ዓመት ከሦስት ወር ነው።

ደሴት ልይ ያልሁት እኔ ነኝ። ልጄ ዘይነብ ከካፊሏ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ ዋስ ከሆነው አሠሪዋ፣ ቤት ወጥታ በሌላ ቤት ከተቀጠረች ሁለት ወር ሆናት። ጠፋች ብሎ ሁሩብ አስመዝግቧት እንደሆነ አናውቅም፤ እንዲህ የተመዘገበ ሰው ከተያዘ ወደ አገሩ ይባረራል፤ ስለዚህ ከሰፈር ርቃ አትሄድም ነበር። እኔ ግን በሐይቅ ዳር ያሳለፍሁትን ልጅነት እያነሣሁ ወተወትኋት።

«ማፊ ሙሽኪላ አባባ፣ ችግር የለም፣ እንሄዳለን! ስታረጅ ሕፃን ሆንህ እኮ» ብላ ሳቀች።

ኾበር ወደብ ላይ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት የባሕር ጠባቂው የተሳፋሪውን ሁሉ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን፣ ሰበሰበ፤ ስንመለስ ሊሰጠን። የደሴቱ አሸዋ ነጭ፣ ውኃው እስከ ወለሉ የሚታይ ነበር። ዘይነብ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ መጣንበት ስትመለከት ዋለች።

አመሻሹ ላይ የሁሉም ተመለሰ፤ የእርሷ ቀረ።

«ነገ ከካፊልሽ ጋር መጥተሽ ውሰጂ፣ እኅቴ» አላት ጠባቂው። ትሕትናው ይበልጥ አስፈራኝ።

በመኪና ወደ ደማም ስንመለስ ራካ የተባለውን ሰፈር አለፍን። ከዚያ «ለእማዬ እንዳትጽፍ» አለችኝ። አሁን በጓዳ ልብሷን እያጣጠፈች ነው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ለእናቷ ስለ ውኃው ቀለም ብቻ ጻፍሁ። ፖስታውን አሽጌ፣ ወደ ደሴ በሚመለስ ጎረቤት እጅ ላክሁት።