ከዲማ የተመለሰው መላጊያ

ይድረስ ለተከበሩ የሙያ አባቴ፣
አቦቦ

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ተሻለዎት? እትዬስ ደኅና ናቸው? በቆሎው ዝናብ አገኘ ወይ? እኔ እዚህ ጋምቤላ ከሙቀቱ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ ጌታ ይመስገን። ደብዳቤ የጻፍኩት ስልክ ስደውል ድምፄን ሰምተው ስለሚዘጉብኝ ነው።

መላጊያዎን አገኘሁት። ያንን ረጅሙን፣ ለሠፈራ ሲመጡ ከወሎ ተሸክመው ያመጡትን።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ስለቱን በሁለቱም ወገን ስዬ ሳስረክብዎ ያሉኝን አልረሳሁም። አባቴ ጦር ሲስል እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ስለት ሁሉ በሁለት ወገን የሚሳል ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም እመሰገናለሁ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ይህ መላጊያ ነው ወይስ ጦር ብለው አባረሩኝ፤ መላጊያውንም በንዴት ለመንገደኛ ሰጡት። በሩ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብል፣ ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍቅፋቂው ሳይበጠስ ስትልግ ያኔ ትጠይቀኛለህ አሉኝ። ተከፍቼ ሄድኩ። ጥያቄዬን ግን አልጣልኩትም።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ የአናጢ ዕቃ ባየሁበት እሰበስባለሁ። ከፑኝዶ መጋዝ፣ ከማታር እጀታ የሌለው መሮ አምጥቼ፣ ዝገቱን አስለቅቄ እሠራባቸዋለሁ። ጎረቤቴ ጋትሉዋክ የኤሌክትሪክ መላጊያ ስላለው የቆራሌው ዘመድ እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ባለፈው ጥር በር ልሠራ ዲማ ሄጄ፣ ያደርኩበት ወርቅ ቆፋሪ ቤት የአልጋ እግር ደግፎ አገኘሁት። መጀመሪያ ተራ ጉማጅ መስሎኝ ነበር። ስቤ አውጥቼ ስለቱን ብዳስሰው በሁለት ወገን የተሳለ ነው። የገዛ ጥፋቴን በጣቴ አወቅኩት። ለሰውዬው አዲስ የአልጋ እግር ሠራሁለትና ይዤው መጣሁ።

ስለቱን ሦስት ቀን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ በጀርባው ያወጣሁበት ስለት እስኪጠፋ ድንጋይ ላይ አሸሁት፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ምስጥ የበላውን ጎኑን በዋንዛ ጣፍኩት። ሆዱን ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግቼ አስተካከልኩት።

ቅዳሜ ሁለት ሜትር ጣውላ አስሬ ላግኩ። ሁለቴ ተበጠሰ። በሦስተኛው ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወጣ፣ ወጣ፣ ጣውላው አለቀ፤ እሱ አልተበጠሰም። ጋትሉዋክ ማሽኑን አጥፍቶ መጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግቶ አየው። ከዚያ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ስምዎን ነገርኩት። ጋሼ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፍቅፋቂው ፖስታው ውስጥ አለ፤ ቀስ ብለው ይዘርጉትና ይለኩት።

እስከዚህ ያነበበችልዎ ልጅዎ ወለተሥላሴ ከሆነች ወረቀቱን ይቀበሏትና ቀሪውን መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት።

መላጊያውን የፊታችን እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ያመጡልዎታል። ለአንድ መላጊያ ሦስት ሰው ምን ያደርጋል እንዳይሉ፤ ያኔ በሩ ላይ የቀረውን ጥያቄዬንም ይዘው ነው የሚመጡት። ፓስተር ጂያት አሉበት፤ አንደኛው ደግሞ የአገርዎ ሰው ነው፣ ወጉን ያውቃል።

እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ፣ ለቤትዎ ደስታ አያሳጣ። ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ ሲሏቸው የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ይሉዎታል። እባክዎ ብዙ አያቁሟቸው፤ ፓስተሩን ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

እስከ እሑድ ድረስ
የሙያ ልጅዎ