ያልሰፋሁት መጋረጃ

ሰዓዳዬ፣ አሰላሙ ዐለይኪ።

ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ሰው የሞተበትን ቀብር ድረስ ሄዶ ሰላም ይለዋል፤ እኔ የት ልሂድ? እዚያው ዐረብ አገር ቀበሩሽ፣ አፈርሽን እንኳ በእጄ አልነካሁ። ስለዚህ እንደ ተማሪ ወረቀት ይዤ የስፌት መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብያለሁ። ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር። እጅህ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አያውቅም ትዪኝ አልነበር?

ቤቱ እንዳለ ነው። መካነ ሰላምም ያው ናት፤ ጭቃዋ፣ ጉሟ፣ ብርዷ። እናትሽ ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጃችንን ሐያትን የሚያበሏት ግን አሁንም እሳቸው ናቸው፣ ትን እንዳይላት በማንኪያ ቀስ እያሉ። ረዝማለች። እግሯ ከአንቀልባው ወጥቶ ጭኔን ይመታኛል። አዎ፣ የማዝላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ገበያተኛው ሁሉ እየዞረ ያየኝ ነበር፣ ወንድ ሆኖ ልጅ አዝሎ! አሁን ለምደውኛል። አንገቷ ግን አልጸናም። አልተቀመጠችም። እማም አላለችም።

ይህን መንገር ከበደኝ፤ አንቺ የሄድሽው ለዚህች ቃል ነበርና። እማ ስትለኝ ሳልሰማ አልሞትም ብለሽ ነበር።

ያ የአራስነትሽ ክፍል ከዓይኔ አይጠፋም። እናትሽ ልጅቱን ሰው በዓይኑ እንዳይበላት፣ ምች እንዳይመታት ብለው መስኮቱን በወፍራም ጋቢ ጋረዱት። ወጉ ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም። በድንግዝግዙ ውስጥ ጸጥ ብላ ስትተኛ፣ የማታስቸግር ልጅ ሰጠን ብለን አልሐምዱሊላህ አልን። ጡት እምቢ ብላ ጀርባዋን እንደ ደጋን ስትለጥጥ ነው ይዘናት የሮጥነው። ደጅ ስንወጣ ፀሐዩ ላይ እንደ እርድ ቢጫ ሆና አየናት። ለካ የወፍ በሽታ ይዟት ኖሯል። ሐኪሙ፣ ቀደም ብላ ቢጫውን የሚያጠፋው ሰማያዊ መብራት ሥር ብትተኛ ኖሮ አንጎሏ ባልተጎዳ ነበር አለን። ቤት ስንገባ አንቺ ጋቢውን ከነምስማሩ ነቅለሽ ጣልሽው።

ከዚያ ለማሳከሚያዋ ብር ልትሠሪ ዐረብ አገር ተሰደድሽ። አንድ ቀን በስልክ የላክሽልኝ ድምፅ ላይ ደስታው ትንፋሽ አሳጥቶሽ ነበር። የአሠሪሽ ዘመድ ልጅ አናቱ ላይ ሌዘር የሚባል ብርሃን ያሳርፉበታል፤ አያቃጥልም፣ አያምም፣ የሕፃን አንጎል እንዲያድግ ያግዛል ይላሉ፤ ለሐያትም ይሆናል፣ አብሽር ሰይዴ፣ ብርሃን የነሳናትን ልጅ ብርሃን እንሰጣታለን አልሽኝ። ብዙም ሳይቆይ መርዶሽ መጣ። ድንገት ወደቀች አሉኝ፤ ሌላ የነገረኝ የለም።

ቃልሽን ይዤ ወሰድኳት። በአቀስታ አድርገን፣ ደሴ አድረን፣ አዲስ አበባ ገባን። ብርሃኑን አየሁት ሰዓዳ። ቀይ፣ ትንሽ፣ አናቷ ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንኳ የሌለው። ዓይኗን በጥቁር መነጽር ሲሸፍኑላት ያ ጋቢ ትዝ አለኝ። ደጋግመን ሄድን። እኔ ሞኙ፣ በጨረሱ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አፏን አያለሁ፣ ቃል ይወጣ እንደሆነ። በመጨረሻ ባለሙያዋ አስቀምጣ ነገረችኝ። ይህ ነገር ገና እየተጠና ነው፣ የሐያትን ጉዳት ይመልሳል ብዬ ልዋሽህ አልችልም፣ ይልቅ አንገቷን የሚደግፍ ነገር ሥራላት፣ እጅ እግሯን አፍታታላት አለችኝ። እንኳንም ይህን ሳትሰሚ ሄድሽ አልኩ። ወዲያው ደግሞ እንዲህ በማለቴ በራሴ ተናደድኩ። ከአቀስታ ወዲህ ያለውን መንገድ እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም፤ ተስፋዬ አልቆ ነው የገባሁት።

እንደተመለስን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጥቁር ጨርቅ ይዘው ሱቅ መጡ። ልጃቸውን ማርያም ማረቻት። ለአራሷ መስኮት መጋረጃ ስፋልኝ፣ ወፈር አድርገህ አሉኝ። አልሰፋም አልኳቸው። ምን ነካህ ልጄ ብለው ደነገጡ። ሕፃኑን ብርሃን ላይ አውጥታችሁ እዩት፣ ዓይኑን እዩት ብዬ ጮህኩ። ሰው ተሰበሰበ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጨርቁን ሊጥል ነው ሲሉ ሰማሁ። ሐያትን ሱቁ ጥግ ከተኛችበት ምንጣፍ አንስቼ እትዬ አስካለ ደረት ላይ አደረግኋት። አንገቷ ክንዳቸው ላይ ሲወድቅ ልጅቱን መለሱልኝና ጨርቁን እዚያው ትተው ሮጡ። ሕፃኑን ደጅ ሲያወጡት ቢጫ ነበር። በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባ፣ ሰማያዊው መብራት ሥር ተኛ፣ ዳነ።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ብሎኛልም፣ ወላሂ። ግን ያ ልጅ አሁን እየዳኸ ሱቄ ይገባል፣ ክሬን ይጎትታል። ትናንት እናቱን እማ ብሎ ሲጠራት ሰማሁ። ሥራዬን ጥዬ ጓሮ ገባሁና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ለሌላ ሰው ልጅ የደረሰ ብርሃን ለኛዋ ምነው ቀረባት? ያረቢ ብዬ ጠየቅሁ።

እትዬ አስካለ ጨርቁን የሐያት ይሁን ብለው ትተውልኛል። ጥጥ ሞልቼ የአንገቷ መደገፊያ ሰፋሁበት። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ፣ ከፀሐዩ ፊት ለፊት አስቀምጣታለሁ። ትድናለች ብዬ አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ ላስተኛት ስለማልችል ነው። እኔ እስካለሁ ድረስ ለአራስ መስኮት የሚሆን መጋረጃ በዚህ መኪና አይሰፋም። አንቺን የማስታውስሽ በዚህ ነው፤ ቃሌ ነው፣ አልረሳሽም። እማ የምትለዋን ቃል ግን ሐያት አልሰጠችሽምና፣ በእሷ ፋንታ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ እኔ እላታለሁ። እማ ስል ዓይኗ ወደ በሩ ይዞራል። ማንም አይመጣም።