ኤቫንቲያ የምትችለው ሽቶ

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ
ዝናብ። ተሰሎንቄ በሙሉ ጭቃ። ጠዋት ቢሮ ወጣት መሐንዲሶች የሠሩትን የሁለት ድልድይ ንድፍ መለስኩ፤ ሁለቱም ላይ የብረቱ ስሌት ስህተት ነው። ዩኒቨርሲቲው ምን እያስተማራቸው ነው?
የካንሰሩን መድኃኒት ለሦስተኛ ጊዜ ከወሰደች ወዲህ ሚስቴ ኤቫንቲያ ሠላሳ ዓመት የተቀባችው ሽቶ ያስመልሳት ጀመር። ዛሬ ጠርሙሱን ጣለችው። "ሆስፒታል ሆስፒታል እሸታለሁ፣ አርጊሪስ። የምችለውን ሽቶ ፈልግልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"
ሌላ ምንም...

ኖቬምበር 5
ትልቁ መደብር ገባሁ። ሻጯ አምስት ወረቀት ላይ አርከፍክፋ አፍንጫዬ ስር ደረደረችልኝ። የትኛው የቱ እንደሆነ ለራሷም ጠፋት። ጥያት ወጣሁ።
ከገበያው ጀርባ የወይዘሮ ስታማቲያ ሱቅ አለች። ሽቶው ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ፤ የፈለጉትን ያህል ትቀዳለች።
"ለማን ነው?"
"ለታመመ ሰው።"
ሌላ አልጠየቀችም። "በወረቀት አይመረጥም፣ ጌታዬ። ወረቀት ሙቀት የለውም። ቆዳዎ ላይ፣ በቀን አንድ። እስከ ማታ ይጠብቁት።"
በስንት ጊዜ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ።

ኖቬምበር 6
ቁጥር 31። ጽጌረዳ። ማታ ቤት ስገባ ኤቫንቲያ ገና ከበሩ ላይ "ውጣ" አለችኝ። ታጠብኩ።

ኖቬምበር 7
ቁጥር 88። ቫኒላ። አስመለሳት። ሳህኑን ይዤላት ቆምኩ። ቫኒላ ምን ያደርጋል ብዬ ነው? ደንቆሮ።

ኖቬምበር 10፣ ሰኞ
ቁጥር 52። ቢሮ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ሳቫስ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። "ዛሬ ደግሞ ሌላ። ሴቶቹ ስንት ናቸው፣ አንተ ሽማግሌ?"
"አንድ ናት። እየሞተች ነው።"
ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለምን ለሳቫስ?
52ንም አልቻለችውም።

ኖቬምበር 12
ቁጥር 114። የበለስ ቅጠል፣ ሌላ ምንም የለበትም። እጄን ይዛ አንጓዬን አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። "ይሄ ይሁን።" እጄን ሳትለቅ እንቅልፍ ወሰዳት። አንድ ሰዓት ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ። ወገቤ አለቀ።

ኖቬምበር 13
አስቀድቼ ሰጠኋት። እህቷ ዶምናም እዚያ ነበረች።
"አንተ ሰው፣ ሽቶ በስጦታ ይሰጣል? ሽቶ መለያየት ነው የሚያመጣው። ሳንቲም ተቀበላት፣ ገዛችው ይባል።"
"እኔ ድልድይ የምሠራ ሰው ነኝ። ተረትሽን ለጎረቤት አውሪ።"
"ድልድይህን ብላው።"
በሩን አላትማ ሄደች። ኤቫንቲያ ግድግዳውን ታያለች።

ኖቬምበር 17
ሐኪሙ ብቻዬን ጠራኝ። መድኃኒቱ አልሠራም፤ ያቆሙታል። ስንት ጊዜ አላት አልኩት። በትክክል ማወቅ አይቻልም አለ። በትክክል፣ አልኩት። "ገናን ብታይ ጥሩ ነው።"

ኖቬምበር 18
ተቀብታ ጠበቀችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ መዳፌን ዘረጋሁ።
"ምንድን ነው?"
"አምስት ሳንቲም።"
ፊቴን አየችው። ረጅም ጊዜ። ሐኪሙ ያለውን እዚያው ያነበበችው መሰለኝ። ቦርሳዋን አቀበልኳት። ብትፈልግ ብትፈልግ ያገኘችው አንድ ዩሮ ብቻ ነው።
"መልስ የለኝም" አልኩ።
"ያዘው። ዶምና ግን እንዳትሰማ። በሕይወት አታኖረንም።"
ሳቀች። ከስንት ሳምንት በኋላ።
ደረጃው ላይ ወጥቼ ለዶምና ደወልኩ። ይቅርታ ልል ነበር፤ የወጣው ግን "ተቀበልኳት" የሚል ነው።
"ስንት?"
"አንድ ዩሮ።"
"ይበቃል" አለች። እያለቀሰች ነበር።