አባዬ በቪትዟ ውስጥ ያወራው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ለሽያጭ የቀረበችውን ቪትዝ ነድቼ ሞከርኳት። አባዬን ከጎኔ አስቀመጥኩት፤ መኪና መግዛት ያማረኝ ለእሱ ብዬ አይደል? ደላላው ከኋላ ሆኖ ነዳጅ እንደማትበላ፣ መለዋወጫዋም ነቀምቴ ውስጥ እንደ ልብ እንደሚገኝ ይለፈልፋል። እኔ ደግሞ እንከኗን እለቅማለሁ። መሬት ትቀርባለች፤ ባኬ ጃማ ሰፈር ጉብታው ላይ ሆዷ ተፋቀ። ዳገቱ ላይ ማቀዝቀዣውን ስከፍተው ለገመች። የኋላ በሯም ሳይደበድቡት አይዘጋም።

አባዬ ግን ያወራል። ከእናቴ ጋር የተዋወቁበትን ቀን ነው የሚተርክልኝ። እሱና ጓደኞቹ ከጊምቢ ቡና ጭነው ሲመጡ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ መሽቶባቸው፣ ማደሪያ ፍለጋ የሰው በር እስካንኳኩበት ድረስ ደርሷል። ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም።

ለወገቡ ሕክምና ሆስፒታል የምወስደው ሁልጊዜ በባጃጅ ነው። ባጃጅ ውስጥ አንዲት ቃል አይተነፍስም። መንገዱን ሙሉ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። ምን አድርጌው ተቀየመኝ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ለካ ባጃጁ ሲንጠው እያመመው ነው ጥርሱን ነክሶ ዝም የሚለው። እኔም ጠይቄው አላውቅ።

ቡርቃ ጃቶ ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ደላላው "እህቴ፣ እንዴት አገኘሻት?" አለኝ። ሞተሩን ላጠፋ እጄን ስሰድ አባዬ ያዘኝ።

"ቆይ ኢንተላ ኮ፣ ቆይ ልጄ፣ አታጥፊው" አለኝ። "እናትሽን እኮ ገና አላገኘኋትም።"