ነፋስ ማያው ቀይ ሻርፕ

ይድረስ በቁምህ ምክር ሰምተህ ለማታውቀው ለባሌ ለገረመው፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሞላን። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ በጠየቅኩህ ቁጥር «ደህና ነኝ» እያልክ ዋሽተኸኛል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ተናድጄብሃለሁ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ምን የመሰለ ሰው» ሲልህ አንገቴን ደፍቼ ዝም ያልኩት ለይሉኝታ ነው።

ወደ ቤታችን የሚያወጣው ዳገት ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። መብራት አሁንም በፈረቃ ነው። አቧራውን እንኳ እንዳልጠርገው የከለከልከኝን ኮምፒውተርህን ከፍቼዋለሁ። ቅር ካለህ ና ከልክለኝ።

መጨረሻ ያነሳኸው ፎቶ እዚያው ነበር። ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ባሕር ዛፉ ጉም ለብሶ፣ መሀሉ ላይ ወንድ ድኩላ ቆሟል። ሳንባህ ሳይሽር ብርድ እንዳይነካህ ሐኪሙ አስጠንቅቆህ ነበር። እኔም በር ላይ ቆሜ ለምኜሃለሁ። ጎህ ሳይቀድ ወጣህ፤ ስትመለስ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ሻርፕህም አንገትህ ላይ የለም። የት ጣልከው ስልህ ጠፋ አልከኝ። በሳምንቱ ቀበርኩህ።

ያን ፎቶ ጥቁርና ነጭ አድርገህ ሳሎን ልትሰቅለው ነበር ምኞትህ። ለሙት ዓመትህ ይደርሳል ብዬ፣ እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሠርግ ፎቶ የሚያቀናብረው ጓደኛህ ሰለሞን ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ መማር ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀለሙን በአንድ ጊዜ ድርግም አድርጌ አጠፋሁት፤ ፎቶው አመድ መሰለ። ሰለሞን ሳቀብኝ። ጥቁርና ነጭ ማለት ቀለም ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል እንደሚጨልም ወይም እንደሚነጣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ አለኝ። አረንጓዴውን ዝቅ ሳደርገው ጫካው ጨለመ፣ ጉሙ ጎላ፣ የድኩላው ቀንድ ጥርት ብሎ ወጣ። ያምራል፣ አልክድም። ማማሩም አናደደኝ።

ቀዩን ቀለም ከፍ ዝቅ ሳደርገው፣ ጥግ ላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ነገር አብሮ ይነጣል፣ አብሮ ይጠቁራል። የደረቀ ቅጠል መስሎኝ ነበር። አቅርቤ ባየው፣ ክረምቱን ሙሉ ለአንገትህ ብዬ የሠራሁት ቀይ ሻርፕ ነው። ድኩላ ሽታ ቀድሞ ይደርሰዋል፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሳያዩ አይጠጉትም ያልከኝ ራስህ ነህ። ከአንገትህ ፈትተህ ነፋስ ማያ አደረግከው። ለድኩላው እንዲያ ተጠነቀቅክ፤ ለእኔ ግን አልተጠነቀቅክልኝም። ዋሽተኸኝም ሄድክ።

ሰለሞን ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ቀዩን አጨልሚው፤ ፎቶውን ያበላሸዋል» አለኝ።

ልክ ነው። አንተም ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር። አጨለምኩት፤ ሻርፑ ጫካው ውስጥ ሰጠመ። ውሸትህን የደገፍኩልህ መሰለኝ። ቀዩን መልሼ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።

አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ጫካው ጥቁር፣ ድኩላው ጥቁር፣ ሻርፑ ግን እንደ ጥጥ ነጥቶ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ቤት የገባ ሁሉ ከድኩላህ በፊት እሱን ያያል፤ ምንድን ነው ሲለኝም እነግረዋለሁ። ስለዚህ አትስጋ፣ አልረሳህም። ይቅር ለማለት ግን አልቸኩልም፤ ይቅር ካልኩህ የምጽፍልህ ነገር ያልቅብኛል።

እስካሁን የምትቆጣህ ሚስትህ፣
አስቴር