ፊቷን እኔ፣ ጀርባዋን አንተ

ውድ ጋሼ፣

ደህና ነን ብዬ ልጀምር አልኩና ቃሉ አነሰብኝ። ሰሞኑን እዚህ ቤት ደረቱን ነፍቶ የማይሄድ የለም፤ እማዬ እንኳን ጎረቤት ሰላም የምትለው አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። ምክንያቱን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አውቅሃለሁ፤ ገና ጋራዥ የሚለውን ቃል ሳነሳ «በሉ በርቱ፣ ደህና ሁኑ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። መጋዘንህን ለትንሽ ጊዜ ማንም አይዘርፍብህም፤ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

መኪና ገዛን፤ እኔና አማችህ። ከኢንሹራንስ ግቢ፣ በጨረታ፣ የተጋጨች የቅንጦት መኪና። ቅንድብህ ሲነሳ ከዚህ ይታየኛል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ልትል ነው፤ እማዬ ቀድማሃለች። ለቤት መሥሪያ ያስቀመጥነው ሁሉ ነው የገባበት፣ ስለዚህ ብትለውም አልፈረድኩባትም። ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ የታክሲ በርና የጭነት መኪና ፓራፋንጎ ሳቃና ነው የኖርኩት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ባለጋራዦች «ያ ቤት ከታላቅየው ጋር አብሮ ሄዷል» እያሉ ደንበኛዬን ይመልሱብኛል። በቃ፣ ማንም ዓይኑን አፍጦ የማይክደው አንድ ሥራ አስፈለገኝ።

ግቢው ውስጥ መኪኖቹ ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመሃላቸው ሣር በቅሏል። ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው፣ ማየት ግን ይቻላል። የኛዋ ጥቁር ሰማያዊ ነበረች። ፊት የላትም ብል ይቀለኛል፤ ኮፈኑ ታጥፎ መስታወቱ ላይ ወጥቷል፣ የመብራቶቿ ቦታ ባዶ ነው፣ የግራ የፊት ጎማዋ ወደ ውስጥ ገብቶ የፊት በሩን ነክቷል። ከወገቧ ወደ ኋላ ግን ሙሽራ ናት። ሰው ሁሉ ፊቷ ላይ ተኮልኩሎ ከንፈሩን ሲመጥ እኔ ወደ ጀርባዋ ዞርኩና እንዳስተማርከኝ በጣቴ መገጣጠሚያ አንኳኳሁ። ስቱኮ የተለጠፈበት ላሜራ ድምፁ እንደሚታፈን፣ ያልተነካው ደግሞ ጥርት ብሎ እንደሚጮህ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ጮኸ። በግራም በቀኝም ጮኸ።

«ጀርባዋ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የሰው እጅ አልነካውም» አልኩት ለአማችህ። ይቺን ቃሌን ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«ፊት የሌላትን መኪና ጀርባዋን አይተሽ ልትገዢ ነው?» አለኝ።

«አንተስ ስታገባኝ ምኔን አይተህ ነበር?»

«መዶሻሽን። ፈርቼ ነው።»

ከኛ ጋር የተጫረተው ያ መለዋወጫ ሻጭ ነው። አዎ፣ ራሱ። በሮቿንና ወንበሮቿን ነቃቅሎ ሊቸረችራት ፈልጎ ነበር። ሲሸነፍ እየሳቀ መጣና «ሬሳ ገዛሽ፣ ቀብሩን ንገሪኝ እመጣለሁ» አለኝ። ዝም አልኩት። ዝም ማለት እንደማልችል ታውቃለህ፤ ሚስማር ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንዴ ከገባሁበት ስለማልወጣ ነው። ያን ቀን ግን ዝም አልኩ።

ሥራው እንዲህ ነው የሄደው። ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ወጥረን ስንለካት ፊቷ ወደ ቀኝ ተጣሟል፤ ጀርባዋ ግን በልክ በልኩ ነው። ስለዚህ ጀርባዋን አንተ ወለሉ ኮንክሪት ውስጥ በቀበርካቸው ቀለበቶች በሰንሰለት አሰርን፤ ከፊት ደግሞ በክሪክ መጎተት ጀመርን። ትንሽ መጎተት፣ ማሳረፍ፣ መለካት፣ እንደገና ትንሽ። አማችህ ሲቸኩል ያንተን ቃል እየደገምኩ አበረድኩት፦ ብረት እንደ ሰው ነው፣ ከተቆጣሽው ይሰበርብሻል። አንድ ጊዜ ሰንሰለቱ አፈትልኮ የኋላ ጎኗን በግራ በኩል መትቶ አጎደጎዳት። ከዚያ በቀር ግን ጀርባዋ ንቅንቅ አላለችም። ያንን ሁሉ ጉልበት ተሸክማ፣ አንድ ክር እንኳ ሳትለጠጥ፣ ፊቷን መልሳ ሰጠችን።

የፈነዱትን ኤርባጎች በአዲስ ተካን። ሽፋኑን ለጥፎ ባዶውን የሚሸጥ እንዳለ ታውቃለህ፤ አማችህ እንዲህ ያለውን ሰው እዚያው የሸጠው መኪና ውስጥ አስሮ መንዳት ነው ይላል። ሽቦዋን አንድ በአንድ ሲፈታ ለሳምንታት ከኔ ጋር ሳይሆን ከሷ ጋር ነበር የሚያወራው፤ አንዳንዱም ለጆሮ የሚሆን አልነበረም። በመጨረሻ ሁለቱ መብራቶቿ አብረው ሲበሩ ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ አዲስ አባት ቆመ።

ከዚያ ለቀለም ማዘጋጀት ጀመርኩ። የኋላ ጎኗን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ከሰማያዊው ሥር ነጭ ወጣ። ቀለም ቀይረውላት ይሆናል፣ ምን ይገርማል ብዬ አለፍኩት። ሰማያዊው ከታች ደርሶ እንደሆነ ለማየት ስኮርታ ጎማዋን አወጣሁ፣ ምንጣፉን ገለበጥኩ። ጥግ ላይ፣ ማንም የማያይበት ቦታ፣ ሦስት ነጥብ በሹል ብረት ተመትቷል።

ያንተ ምልክት ነው። «አንዱ ለእማዬ፣ አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለኔ» ያልከኝን አልረሳሁትም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺ ነጭ መኪና ናት፣ ጋሼ። ጭነት መኪና ከኋላ ጨፍልቋት መጥታ፣ ክረምቱን ሙሉ ቀጥቅጠህ የሠራሃት። ካንተ እጅ ከወጣች በኋላ ሰማያዊ አስቀብተዋት ኖሯል። እድሜዬን ሙሉ ስቱኮ ሳሸት የኖርኩት እህትህ አንኳኩቼ ከፋብሪካ የወጣ ነው ያልኩት ያንተን እጅ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሳስቼ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ያ መለዋወጫ ሻጭ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በራችን ላይ ቆሞ ያወራው ትዝ አለኝ፦ «ያቺ የሠራሃት መኪና ተጋጭታ ከኋላ ብየዳዋ ተበጥሶ ለሁለት ተከፈለች አሉ። የተረፈ ሰው የለም።» አሉ ነው ያለው። ማን እንዳለ አልተናገረም፤ አፍ ዳገት አይፈራም። አንተ ግን መዶሻህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ። የኢንሹራንሱ ግቢ ድረስ ልታያት ሄደህ ጥበቃው ሲመልስህ፣ ሌላ ሰው ልጠይቅልህ ብዬ ስለምንህ «ተይው» አልከኝ። መልሱን ፈርተህ ነበር። ከዚያ በኋላ መዶሻ ሲመታ በሰማህ ቁጥር ፊትህ ይገረጣ ጀመር፤ ቆይቶም ሻንጣህን ይዘህ አክስታችን ዘንድ ሄድክ፣ ብረት የማይቀጠቀጥበት መጋዘን ውስጥ ገባህ። ሰው ገደልኩ ብለህ አንዴም በአፍህ አላወጣኸውም። እኔ ግን ከዓይንህ አንብቤዋለሁ፤ እማዬም አንብባዋለች።

ስለዚህ በደንብ ስማኝ። ባትሪ አብርቼ የብየዳህን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልኩት። የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለውም። ዓይኔን አላመንኩምና ጨርቅ ሲኖር መዳፍ ትንሿን ጉብታ ይለያል ብለህ አንተ እንደምታደርገው ካልሲ እጄ ላይ አጥልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳበስኩት። የእማዬ ካልሲዎች እያንዳንዳቸው ጓደኛቸውን ያጡት በዚህ ሥራችን አይደል? አሁንም አንድ ጎደላት። መዳፌ ምንም አላገኘም። ጋሼ፣ እኔ የመኪናዋን ፊት ያቃናሁት ያንተን ጀርባ ይዤ ነው። ያንተ ብየዳ ቢለቅ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ጉተታ እጃችን ላይ በቀረች ነበር።

ሰዎቹስ ልትለኝ ነው። እኔም ያንኑ አልኩ። ሊብሬዋ ላይ ያለውን ስም ይዘን ስልኩን አፈላለግን። አማችህ «በሕይወት ከሌሉስ?» አለኝ። «ካላወቅነው አይሻልም?» ሊል ፈልጎ ነው። እኔ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። መኪናዋን ስነግራት «መጥቼ ልያት?» አለችኝ።

መጣች። የባለመኪናው ሚስት ናት። ወደ መኪናዋ ፊት እንኳን አልተመለከተችም፤ የኋላውን በር ከፍታ ገብታ ተቀመጠች።

«እዚህ ነበር የተቀመጥኩት» አለች። «ልጄ እዚህ ጋ፣ በኔ በኩል ተደግፋ ተኝታ ነበር።»

«ልጅሽስ?»

«ትምህርት ቤት ናት።»

እሷው ቀጠለች። «ባለቤቴ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ አሁን ከኔ ቀድሞ ነው የሚራመደው። ከፊት ያለው ሁሉ ተሰብስቦ መጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። በሩን በእጄ ከፍቼ ነው ልጄን ያወጣሁት። መርማሪው እንኳን ይሄ በር እንዴት ተከፈተ እያለ ደጋግሞ ከፍቶ ዘጋው።»

በሩን በእጇ ከፍታ። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አንብበው። ያጠጋጋኸው ክፍተት፣ በጥፍርህ እየለካህ እኔን ያሰለቸኸኝ ያ የበር ክፍተት፣ ያን ሁሉ ግጭት ችሎ በሩ ለእናት እጅ ተከፈተ።

ሦስቱን ነጥብ አሳየኋት። በጣቷ ነካቻቸውና «ይህን የሠራው ሰው የት ነው? እጁን ልስመው» አለችኝ። ምን ልበላት? ወሬ ሰምቶ ተሰደደ ልበላት? «ወንድሜ ነው፤ መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» አልኳት። ውሸታም አታድርገኝ።

ቀለሟ ሲደርቅ ደንባችንን አከበርኩ። እናትሽን የማታስቀምጪበትን መኪና ለሰው እናት አትስጪ ብለሃልና፣ እማዬን ጠራኋት። ሁሉንም ነግሬያት ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከኋላ ተቀመጠች። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ ስነዳ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ልጄ የሠራው ላይ ነው የተቀመጥኩት። በደንብ ንጂ እንጂ።» ነዳሁ። ጉድጓዱን ሁሉ እየመረጥኩ ገባሁበት፤ ከኋላ አንድ ሲጥ የሚል ድምፅ አልሰማሁም።

መለዋወጫ ሻጩ ሱቅ ጋ ስንደርስ «ቁሚ» አለችኝ። መስታወቱን ዝቅ አደረገች። ሰውዬው ሬሳ ያላት መኪና መሆኗን ሲያውቅ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«እንደምን ዋልክ?» አለችው እማዬ በሙሉ ትሕትና። «ለሁለት ተከፈለች ያልካት መኪና ይቺ ናት። ግባና እይ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ።»

ገብቶ አየ፤ ጎንበስ ብሎም አየ። ሲወጣ ላብ አጥምቆታል። «እኔም ሰው ነግሮኝ ነው እኮ፣ እማማ» አለ። እማዬ መስታወቱን ዘጋች። ቤት እስክንደርስ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ በኋላ ማያው መስታወት አይቻታለሁ። ኩራት ነው፣ ሌላ አይምሰልህ።

አሁን መንገዱ ላይ ያሉት ባለጋራዦች ተራ በተራ እየመጡ ይዳብሷታል። የቱ ጋ ነው የተሠራው ብለው ይጠይቁኛል። ፊቷን እኔ፣ ጀርባዋን ወንድሜ እላለሁ። ፊቷን አይተው ጎበዝ ይሉኛል፤ ጀርባዋን አይተው ግን ዝም ይላሉ። በዝምታቸው አልቀናሁም ብል ዋሸሁ፤ ግን የራሴም ፊት ያንተን ጀርባ አያሳፍርም፣ ይህን ለራሴ መስክሬያለሁ።

አንድ ባለሆቴል ሊገዛት መጥቶ «ያቺን ትንሽ ነገር አስተካክይና ውሰጂ ብሩን» አለኝ። አላለቀችም ብዬ መለስኩት። ሰንሰለቱ የመታት ቦታ ነው፤ ከኋላ በግራ በኩል መዳፍ የሚያህል ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ ያንተው ላሜራ ላይ። ለኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አልነካውም። ሰው በጀመረው ሥራ ላይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ መዶሻ እንዳላነሳ ያሳደግከኝ አንተ ነህ።

ቅዳሜ ጠዋት በሷው እመጣለሁ። በር ላይ ጠብቀኝ፣ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። መዶሻህ ከስኮርታው ጎን በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የእማዬንም ካልሲ ይዤልሃለሁ፤ ራሷ ናት መርጣ የሰጠችኝ።

ታናሽህ፣
ሚስማር